ከቀጥቃጭ ወደ መካኒክ
በአሰላና በአርሲ ደጋ ስለ ፍሬን እድሳት የቀረበ ታሪካዊ አስተያየት

ስለ አገራችን የእጅ ሥራ የጻፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ትኩረታቸውን በሸማኔው፣ በሸክላ ሠሪዋና በብረት ቀጥቃጩ ላይ ያሳርፋሉ። አውቶሞቢል የሚያድሰውን ሰው ግን የኢንዱስትሪ ወገን ነው ብለው ያልፉታል። ይህ አከፋፈል ትክክል አይመስለኝም። ያረጀ ካሊፐር በግቢው ፈትቶ፣ ዝገቱን ፍቆ፣ ጎሚኒውን ለውጦ መልሶ የሚገጥም ሰው በእጁ የያዘው ዕውቀት እንደ ማረሻና እንደ ማጭድ ሥራ ሁሉ ከሰው ወደ ሰው በዓይንና በእጅ የተላለፈ ነው። በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ በትምህርት ቤትም ያገኙት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ የሕዝብን ኑሮና ልማድ ለሚያጠና ሰው ተገቢ የጥናት ርእስ ነው።

ካሊፐር ማለት ከመንኰራኩሩ ጋራ የሚዞረውን የብረት ዲስክ በሁለት ወገን በሸራ ጨምቆ የሚያቆም የፍሬን ክፍል ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው አንድ ነገር ነው። በአርሲ ደጋ ብረት የማደስ ዕውቀት በትውልድ ከተወሰነ ሰው ወደ ተማረ ሰው፣ ከተማረውም ሰው ለራሱ መኪና ብቻ ወደሚሠራው አማተር ሲሸጋገር ክብር እያገኘ መጥቷል። ነገር ግን በእያንዳንዱ ሽግግር «ይህ አይታደስም» የሚለው ዕውቀት ወደ ኋላ ቀርቷል። ፍሬን ደግሞ ይህ ጉድለት በሰው ሕይወት የሚከፈልበት ዕቃ ነው።

ስለ አገሩ አቀማመጥ

አሰላ ከጭላሎ ተራራ ሥር በ2,430 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የተራራው ራስ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ከአሰላ ወደ ደቡብ በሳጉሬ በኩል ወደ በቆጂ ሲሄዱ መንገዱ ከ2,800 ሜትር ያልፋል፤ ወደ ሰሜን በጎንዴ፣ በኢተያና በዴራ በኩል ወደ አዳማ ሲወርዱ ግን 75 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ መንገድ ውስጥ 700 ሜትር የሚያህል ቁልቁለት አለ።

ይህ ቁልቁለት ለፍሬን ምን ማለት እንደ ሆነ በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። ክብደቱ 1,500 ኪሎ ግራም የሆነ አውቶሞቢል 700 ሜትር ሲወርድ ወደ 10 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ኃይል ይለቃል። ይህ ሙቀት ሠላሳ ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ከዚህ ውስጥ ከፊሉን ነፋሱና በማርሽ የተያዘው ሞተር ይካፈሉታል፤ የቀረው ግን በዲስኩና በሸራው ላይ ያርፋል። ሹፌሩ ማርሹን አውጥቶ ነዳጅ ለመቈጠብ በነጻ ከለቀቀው ደግሞ ሞተሩ ድርሻውን ስለማይወስድ የፍሬኑ ሸክም ይበዛል።

የደጋው አየር ራሱ ሌላ ችግር ይጨምራል። በአሰላ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። በብዙ አውቶሞቢሎች የሹፌሩን እግር የሚያግዘው መሣሪያ የሚሠራው በአየር ግፊት ልዩነት ስለ ሆነ፣ በደጋው ላይ እገዛው ይቀንሳል፤ እግርም ይበልጥ መጫን አለበት። የፍሬን ዘይትም ከአየር እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይቈያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የመፍያው ወለል ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ፈሳሽ ግፊትን አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ፔዳሉ ያለ መቋቋም እስከ ወለሉ ይገባል። በሜዳ አገር ለዓመታት የሚያገለግል ቸልተኛ ጥገና በአርሲ ቁልቁለት በአንድ ጉዞ የሚጋለጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ቀጥቃጩ

አውቶሞቢል ከመግባቱ በፊት በዚህ አገር ብረትን የሚያውቅ ሰው ቀጥቃጩ ነበር። የአርሲ ኦሮሞ ቱምቱ ይለዋል፤ በአማርኛም ቀጥቃጭ ወይም ጠይብ ተብሏል። ገበሬው ያለ እርሱ ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ አያገኝም ነበር፤ ይሁን እንጂ ከእርሱ ወገን ጋራ መጋባትን ይጸየፍ ነበር። ሙያው በትውልድ የሚወረስ፣ ስድቡም አብሮ የሚወረስ ነበር። በብዙ የኢትዮጵያ ክፍሎች ቀጥቃጩ በቡዳነት መታማቱም የታወቀ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው ስም መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጡ። በዚሁ በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቢድ ቤንትሌ የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መዋላቸው አጋጣሚ ነው፤ ነገር ግን ታሪካቸው ኋላ ተገናኝቷል። አዋጁ የፈለገውን፣ ማለት ብረት የሚነካ እጅ እንዲከበር ማድረግን፣ ከአዋጁ ይልቅ በብዙ የፈጸመው አውቶሞቢሉ ነው። «ቀጥቃጭ» ተብሎ የተሰደበው ሥራ «መካኒክ» ሲባል ስድቡ ቀረ። እሳቱ ያው እሳት፣ መዶሻውም ያው መዶሻ ሳለ ስሙና የሚገባበት በር ተለወጠ። ወደ ጋራዥ ለመግባት የማን ልጅ ነህ የሚል ጥያቄ አልነበረም፤ የሚጠየቀው ይህን ማንሣት፣ ይህን መፍታት ትችላለህ ወይ ተብሎ ነው።

ሆኖም የቀድሞው ሥርዓት አንድ በጎ ነገር ነበረው። ማረሻው በእርሻ መካከል ቢሰበር ገበሬው የሠራውን ሰው ቤት ያውቃል፤ ሄዶ ይወቅሰዋል። የጉድለቱ ዋጋ የጠፋ ቀን ነው፤ የሚከፍለውም ዕቃውን ያሠራው ራሱ ነው። ቀጥቃጩም የሰለቸ ብረት ምን እንደሚመስል፣ ስንት ጊዜ እሳት እንደሚችል ከአባቱ ተምሮ ያውቅ ስለ ነበር፣ «ይህ አልቋል» ለማለት አያፍርም ነበር።

ቀጥቃጩ ራሱም በአውቶሞቢል ዘመን አልጠፋም። የከባድ መኪና ባሌስትራ በእሳት ተመልሶ ቢላዋ፣ ማጭድና ማረሻ ይሆናል፤ ያለቀ ጎማ በረባሶ ይሆናል፤ አሮጌ የመኪና አክስል ከነመንኰራኩሩ የጋሪ እግር ይሆናል። ስለዚህ መኪናው ለገበሬው ጥሬ ዕቃ ሆኖ አገልግሏል። ነገር ግን በዚህ ልማድ ውስጥ የተቀረጸው ትምህርት «ብረት አይጣልም፤ ሁሉም ለሌላ ነገር ይሆናል» የሚል ነው። ይህ ትምህርት ለማረሻ ጥበብ ነው፤ ለፍሬን ግን ሳይመረመር ሊወሰድ አይገባም።

ቃላቱ የሚመሰክሩት ታሪክ

የመካኒክነት ታሪካችን በሰነድ ብዙ ባይጻፍም በቃላቱ ውስጥ ተቀምጧል። ሹፌርና ጋራዥ ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ኢጣልያኖች ብዙ ከባድ መኪናዎችን አስገብተው፣ መንገድ ቀየሱ፤ ከነጻነት በኋላም ከእነርሱ ወገን ብዙ መካኒኮች በአገሩ ቀርተው ጋራዥ ከፈቱ፤ ኢትዮጵያውያን ልጆችም በረዳትነት ከእነርሱ ዘንድ ተማሩ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም መንገዱ እየተስፋፋ፣ የመካኒኩም ገበያ እየሰፋ ሄደ። ስለዚህም ጎማ፣ ካላማዳሪያ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ቶርኖ፣ ጎሚስታ የምንላቸው ሁሉ ከኢጣልያንኛ የወረስናቸው ናቸው። ፍሬን፣ ጎሚኒና ታምቡርም በዚሁ መዝገብ ይገባሉ።

ዲስክና ካሊፐር ግን ኢጣልያንኛ አይደሉም። ይህ ልዩነት ዘመኑን ያስረዳል። የዲስክን ፍሬን እንግሊዛዊው ላንቼስተር እ.ኤ.አ. በ1902 በፈጠራ ቢያስመዘግበውም በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1953 ጃጓር በዚሁ ፍሬን የለ ማንን ውድድር ካሸነፈ በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1955 ደግሞ ሲትሮየን ዲ ኤስ በተባለው አውቶሞቢሉ ላይ ገጠመው። የኢጣልያኑ መምህርና የኢትዮጵያዊው ረዳት ጋራዥ እንግዲህ የታምቡር ጋራዥ ነበር፤ ዕቃው ሲለወጥ ስሙ ከሌላ በር ገባ።

ሸራ የሚለው የራሳችን ቃል ደግሞ የተለየ ትዝታ ይዟል። ዛሬ ሸራ የምንለው የተጨመቀ ደረቅ ነገር ነው፤ የጥንቱ የፍሬን ልባስ ግን በእርግጥ እንደ ጨርቅ የተሸመነ ነበር። ስሙን ያወጣለት ሰው ያየውን ነው የሰየመው ብዬ እገምታለሁ።

የእርሻ መኪናዎችና አሰላ

በአርሲ የመካኒክ ሥራ የተስፋፋበት አንዱ ምክንያት እርሻው ነው። በ1960 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ መቀመጫውን አሰላ ላይ አድርጎ ተቋቋመ። ድርጅቱ የተሻለ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው ከማቅረቡም በላይ የእርሻ መሣሪያ የሚያጠና ክፍል ነበረው፤ በበሬ የሚጎተት ማረሻና ጋሪም ይሞክር ነበር። በቁሉምሳ ያለው የምርምር ማዕከልም የዚያው ዘመን ውጤት ነው።

ይሁን እንጂ በዚያው ጊዜ የስንዴ እርሻ ትርፍ ስላስገኘ ባለመሬቶች በትራክተር ማረስ ጀመሩ፤ ብዙ ጭሰኞችም ከመሬታቸው ተነቀሉ። ስለዚህ ለአርሲ ባላገር መኪና ወደ አገሩ ሲገባ በአንድ ፊቱ ሥራና ሙያ፣ በሌላ ፊቱ መፈናቀልን ይዞ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ሆኖ ሲታወጅ የባለመሬቱ ትራክተር ዘመን አበቃ፤ በኋላም የመንግሥት እርሻዎች ሰፊ ሜዳዎችን በትራክተርና በኮምባይነር አረሱ፤ አጨዱ። ዛሬም በአርሲ የስንዴ አገር በመከር ጊዜ ኮምባይነር መከራየት የተለመደ ነው።

ኮምባይነር በመከር መካከል ቢቆም ዝናብ እህሉን ያበላሻል፤ ስለዚህ መለዋወጫ እስኪመጣ መጠበቅ አይቻልም። ከዚህም የተነሣ በቦታው መፍትሔ መፍጠር፣ ከአንዱ አሮጌ አውጥቶ ለሌላው መግጠም የተከበረ ችሎታ ሆነ። በደርግ ዘመን የውጭ ምንዛሪ እጥረት ይህን ልማድ አጠነከረው። ከመኪናው ሁሉ የቆመውን ያስነሣ ሰው ይመሰገናል፤ «ይቁም» ያለው ሰው ግን ማን ያመሰግነዋል?

ከታምቡር ወደ ዲስክ፤ የተገለበጠ ዕውቀት

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንመጣለን። ሲሪስ የተባለው ላንድሮቨር በአራቱም እግሩ ታምቡር ነበረው። በደርግ ዘመን በብዛት የገባው ላዳ ግን ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር ነው። ከዚያም ወዲህ የመጡት የጃፓን አውቶሞቢሎች አብዛኛዎቹ እንዲሁ ናቸው። መካኒኩ በአንድ መኪና ላይ ሁለት ዓይነት ፍሬን አጋጠመው፤ በታምቡሩ የተማረውንም ወደ ዲስኩ ወሰደው። ችግሩ ሁለቱ በውስጣቸው ተቃራኒ መሆናቸው ነው።

በታምቡሩ ሲሊንደር ውስጥ ጎሚኒው ከፒስተኑ ጋራ ተያይዞ ይሄዳል፤ የሚታከከውም የሲሊንደሩን ግድግዳ ነው። ስለዚህ ጥሩ መካኒክ ግድግዳውን በጥንቃቄ ይወለውላል። በካሊፐር ግን በአብዛኛው ጎሚኒው በግድግዳው ላይ በተቈፈረ ቦይ ውስጥ ተቀምጦ አይሄድም፤ የሚሄደው በመካከሉ የሚያልፈው ፒስተን ነው። ስለዚህ ዘይቱን የሚይዘው የፒስተኑ ገጽ ልስላሴ ነው። በግድግዳው ላይ ያለ ቀላል ዝገት ቢጸዳ ይበቃል፤ በፒስተኑ ክሮም ላይ ያለ ቡርቦራ ግን በብርጭቆ ወረቀት ቢፈገፈግ ይብስበታል እንጂ አይድንም። እንዲህ ያለው ፒስተን መለወጥ አለበት። በታምቡር የሠለጠነ እጅ ግድግዳውን አሳምሮ ወልውሎ፣ የተቦረቦረውን ፒስተን መልሶ ቢከት፣ ሥራው ለዓይን ያማረ፣ በውስጡ ግን የተበላሸ ይሆናል።

ሁለተኛው ነገር የጎሚኒው ቅርጽ ነው። የካሊፐር ጎሚኒ ሲቈረጥ አራት ማዕዘን ነው። ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ፒስተኑ ሲወጣ ጎሚኒው በቦዩ ውስጥ ጥቂት ይጎብጣል፤ እግሩን ሲያነሣ ወደ ቦታው ሲመለስ ፒስተኑን በትንሹ ወደ ኋላ ይስበዋል። በካሊፐር ውስጥ ሌላ መላሽ ስፕሪንግ አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ መላሹ ይኸው ጎሚኒ ነው። ስለዚህ በልክና በቅርጽ ያልገጠመ ወይም ከካላማዳሪያ የተቈረጠ ጎማ ዘይት ቢይዝ እንኳ ፒስተኑን አይመልስም። ሸራው ዲስኩን እየዳሰሰ ይሄዳል፤ ይሞቃል፤ ሙቀቱም ዘይቱን ወደ መፍላት ያደርሳል።

ሦስተኛው የማጠቢያው ነገር ነው። በጋራዥ ልማድ የሞተር ዕቃ ሁሉ በናፍጣ ወይም በቤንዚን ይታጠባል፤ ለሞተር ይህ መልካም ነው። የፍሬን ጎሚኒ ግን ከድንጋይ ዘይት የወጣ ነገር ሲነካው ያብጣል፤ ይለሰልሳል። የፍሬን ዕቃ የሚታጠበው በአልኮል ወይም በንጹሕ የፍሬን ዘይት ነው፤ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖችም በተራ ግራሶ ሳይሆን ለዚሁ በተዘጋጀ ቅባት ይቀባሉ። እነዚህ ፒኖች ከደረቁ ከሁለቱ ሸራዎች አንዱ ብቻ ያልቃል፤ መኪናውም ሲቆም ወደ አንድ ወገን ይስባል። እንዲሁም የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ ነበረባቸው፤ ስለዚህ የፍሬን አቧራ በአፍ ወይም በኮምፕረሰር አይነፋም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል።

እንግዲህ የአንድ ካሊፐር እድሳት ትክክለኛ ሥርዓት አጭር ነው። መኪናው በጽኑ ድጋፍ ላይ ይቆማል፤ ካሊፐሩ ይፈታል፤ ፒስተኑ በራሱ በፍሬኑ ግፊት ቀስ ብሎ ይወጣል፤ በኮምፕረሰር ከተነፋ እንደ ጥይት ወጥቶ ጣት ይሰብራል። ቦዩ በእንጨት ስንጥር ይጠረጋል፤ ፒስተኑ በብርሃን ይመረመራል። ጎሚኒውና አቧራ የሚከላከለው ውጭኛው ጎሚኒ ሁለቱም በአዲስ ይለወጣሉ። ከተገጠመ በኋላ አየሩ ይወጣል፤ ፔዳሉ እስኪጠነክር መኪናው ከቦታው አይነቃነቅም። ይህ ሁሉ በአንድ ሞርሳና በጥቂት ቺያቤ በግቢ የሚሠራ ነው። አማተሩ ይህን መሥራቱ የሚነቀፍ አይደለም፤ እንዲያውም ለራሱ ሕይወት የሚሠራ ሰው ለችኰላ ምክንያት ስለሌለው ከባለሙያው ይልቅ ሊጠነቀቅ ይችላል። የሚጎድለው የመጣያው ወሰን ነው።

ስለ ዛሬው ሁኔታ

አማተሩ ዛሬ የበዛበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ አውቶሞቢሎች ላይ እንደ ዕድሜያቸው ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዕድሜው እንዲረዝም ተፈረደ። አዲስ ካሊፐር ውድ ሲሆን ያገለገለው በመርካቶ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል። ያገለገለ ካሊፐር ደግሞ ታሪኩ የማይታወቅ ዕቃ ነው፤ ቀለም ሲቀባ አዲስ ይመስላል፤ ፒስተኑን ግን ከውጭ ማየት አይቻልም።

በኤሌክትሪክ የሚሠሩት አዲስ መኪናዎች ከዚህ ችግር የሚያወጡን መስሎ ሊታይ ይችላል። እነርሱም ግን ካሊፐር አላቸው። ሞተራቸው ራሱ ፍጥነቱን እየገታ ኃይሉን ወደ ባትሪ ስለሚመልስ፣ ካሊፐሩ ሥራ ይፈታል፤ ሥራ የፈታ ፒንና ፒስተን ደግሞ በእርጥበት አገር ዝጎ ይያዛል። በሚፈለግበት ቀን እንዳይገኝ የሚያሰጋው ይህ ነው። ስለዚህ የእድሳቱ ዕውቀት የሚያልፍበት ዘመን አልደረሰም።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ምንድን ነው? ቀጥቃጩ ክብር አልነበረውም፤ ወሰን ግን ነበረው፤ ወሰኑም በአባትና በልጅ መካከል ይተላለፍ ነበር። መካኒኩ ክብርን አገኘ፤ ወሰኑን ከመምህሩ ተማረ፤ ነገር ግን የተማረበት ዕቃ ተለወጠበት። አማተሩ ነጻነትን አገኘ፤ መምህር ግን የለውም። በማረሻ ዘመን የጉድለቱን ዋጋ የሚከፍለው ባለቤቱ ነበር፤ ዛሬ ከኢተያ በታች ባለው ቁልቁለት ላይ የሚከፍለው የማይተዋወቅ መንገደኛ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የፍሬን እድሳት ደንብ በአማርኛና በኦሮምኛ፣ መካኒኮቻችን በሚናገሩባቸው ቃላት ተጽፎ መሰራጨት አለበት። የአሰላ የእርሻ ምህንድስና ምርምር ማዕከልና የሙያ ትምህርት ቤቶች ለዚህ ሥራ የቀረቡ ናቸው። ደንቡ እንዴት እንደሚታደስ ብቻ ሳይሆን ምን እንደማይታደስ በግልጽ መዘርዘር ይገባዋል፤ የተቦረቦረ ፒስተን፣ የተሰነጠቀ አካል፣ ከተጻፈበት ልክ በታች የሳሳ ዲስክ፣ ያበጠ ጎሚኒ። ይህን ዝርዝር በግቢው ግድግዳ ላይ የለጠፈ አማተር ከጥንቱ ቀጥቃጭ ውርስ የጎደለውን መልሶ ያገኘዋል። እኛም የሕዝብን ዕውቀት የምንሰበስብ ሰዎች እጅ የሚሠራውን ስንመዘግብ፣ እጅ ተመልክቶ የሚተወውንም አብረን ብንመዘግብ ሥራችን የተሟላ ይሆናል።